የአጥሩ ዘፈን ባለቤት

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፦ በመጪው ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጡረተኛው ዳኛ ሳሎን ውስጥ፣ አንድ ሰው በዕድሜው ከሰማቸው የድሮ የካንትሪ ዘፈኖች ሁሉ አስበልጦ የሚወደውን አንድ፣ አንድ ብቻ፣ ዘፈን መርጦ በመዝገብ ያሰፍራል። ምርጫው ይግባኝ የለውም። ሻይ ይቀርባል።

ማስታወቂያው በጽሕፈት መኪና ተተይቦ በአራት ቅጂ ከወጣ በኋላ አንዱ ቅጂ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጠፈ። ዳኛው ማኅተም ቢኖራቸው ኖሮ ያሳርፉበት ነበር፤ ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ ወሰደባቸው እንጂ።

ልጃቸው ማቀዝቀዣውን በከፈተች ቁጥር ታነበዋለች። ረቡዕ ዕለት ብቻ ስምንት ጊዜ ውሃ ጠማት።

ይቺ ልጅ ፋርማሲስት ናት። ሰው ሁሉ ያቃተውን የሐኪም ጽሑፍ በአንድ እይታ ታነበዋለች፤ ቆጥራ የሰጠችው ኪኒንም አንድ ቀን ጎድሎ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ግን አንድ ሽማግሌ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይዘው ተመለሱ።

"ልጄ፣ እዚህ ላይ 'ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት' ብለሽ ጽፈሽልኛል። በሳምንት አንዴ ነው እንዴ የምውጠው?"

"ይቅርታ አባባ፣ በቀን አንዴ ነው።"

"ቅዳሜስ?"

"ቅዳሜ የኔ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዳኛውና ሟች ባለቤታቸው ከተማሪነታቸው ጀምሮ የካንትሪ ሸክላ ይሰበስቡ ነበር። የካንትሪ ዘፈን ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ፦ አንድ ሰውዬ አለ፣ የጭነት መኪና አለው፣ ሴትዮዋ ሄዳበታለች፣ ውሻው አልሄደም። የቀረው ዝርዝር ነው። ይህን ዝርዝር ለመስማት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያ ሳሎን ሰው ሲሰበሰብ ኖሯል፤ ዛሬ የቀሩት ዳኛው፣ ታላቅ እህታቸውና "ካፒቴን" የሚባሉ አንድ ጡረተኛ አውሮፕላን አብራሪ ናቸው።

ዳኛ ያለበት ጨዋታ መቼም ያለ ደንብ አይሆንም። እያንዳንዱ አባል በዕድሜው አንድ ዘፈን ይመርጣል፤ አይቀይርም። ሲመርጥ ምክንያቱን በሰው ፊት ይናገራል። ዘፈኑ ከዚያ ወዲያ የእሱ ነው፤ ባለቤቱ የሞተበት ዘፈን ደግሞ ሌላ ሰው "ምርጫዬ ነው" ብሎ እስኪወስደው ድረስ አይጫወትም።

ይህችን የመጨረሻዋን አንቀጽ ዳኛው የጨመሯት ማንም ይሞታል ብሎ ባላሰበበት ዘመን ነው፤ ለነገሩ ግርማ እንድትሰጠው። ከዚያ የልጅቷ እናት ሞተች።

የእናቷ ዘፈን በቤቱ አጠራር "የአጥሩ" ይባላል። ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ አጥር ከሚጠግን ባሏ ጀርባ የቆመች ሴት ናት የምትዘፍነው፦ ተወው፣ አጥሩ ነገም እዚሁ ነው፣ ና አጠገቤ ቁጭ በል። እናቷ ዘፈኑን ስታስመዘግብ "ምክንያት?" ቢሏት፣ "ምክንያቴ እዚያ ጥግ ፋይል ታቅፎ የተቀመጠው ሰውዬ ነው" ብላ ቤቱን በሳቅ አፍርሳው ነበር። ዘፈኑ ዝም ካለ ዘጠኝ ዓመቱ። አክስቷ አንድ ጊዜ፣ "አንተው የጻፍከውን አንተው ሰርዘው፤ ማን ይከስሃል?" ቢሉ ዳኛው፣ "ለራሴ ሲሆን ደንብ ልሽር? እኔ?" ብለው ጋዜጣቸውን ዘረጉ። ጋዜጣው የትናንት ነበር።

ታዲያ የዚህ ቅዳሜ መራጭ ማን ነው? ካፒቴኑ "መርፌው" ብለው ቅጽል ስም ያወጡለት ሰው ነው። የድሮ ራዲዮና ሸክላ ማጫወቻ ይጠግናል፤ ሱቁ ከልብስ ሰፊና ከቁልፍ ቀራጭ መሐል የተሸጎጠች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። የዳኛው ማሽን ስላረጀና ካፒቴኑም "መካኒክ ሳይኖር ሞተር አይነሣም" ብለው ስለወሰኑ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ማጫወቻው አጠገብ ይቀመጣል። ሶፋው ላይ አይደለም፤ በርጩማ ላይ። ዳኛው ስለ እሱ ሲጠየቁ "ጨዋ ልጅ ነው፣ እጁ ወርቅ ነው" ይላሉ። ከእጁ ወዲያ ስላለው ስለ ቀሪው ሰውዬ አስበው አያውቁም።

ልጃቸው አስባለች።

ጅማሬው "የጭነት መኪናው" የሚባለው ዘፈን ነው። ሾፌሩ በሚወዳት ሴት ቤት ባለፈ ቁጥር፣ እንድትሰማው ብቻ፣ ማርሽ እየቀነሰ ሞተሩን ያስጮኻል፤ አንድም ቀን አይቆምም። ሸክላው ጭረት አለበትና አንድ ቅዳሜ መርፌዋ እዚያ ላይ ተያዘች፦ በርሽ ጋ… በርሽ ጋ… በርሽ ጋ… ክንድ ያህል እንኳ የማይርቀው ጠጋኝ እጁን አላነሣም። ቀና ብሎ አያት። መርፌዋን ያነሣት ስድስት ጊዜ "በርሽ ጋ" ካለ በኋላ ነው። እሷ ቆጥራለች፤ መቁጠር ሥራዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ የዚያ ሸክላ ሽፋን ፖስታ ቤት ሆነ። ሳሎን ውስጥ "ሻዩን ላቀብልዎት?" ይላታል፤ ሽፋኑ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ "አንቺ" ትሆናለች። በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው ሆና ስትኖር ሁለት ዓመት ሞላት።

አክስቷ ናቸው ነገሩን የሸተታቸው። ደንቡን ሲያገላብጡ፣ "መቶ ቅዳሜ በማናቸውም ሁኔታ የተገኘ ሰው ይመርጣል" የሚል አንቀጽ አገኙ፤ የመርፌውን ቅዳሜዎች በቅንድብ መኳያቸው ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት ሲያደርጉ ቆይተው መቶኛው ሲቃረብ ለወንድማቸው አቀረቡ። ዳኛው አንቀጹን ሁለት ጊዜ አነበቡ። ራሳቸው ነበር የጻፉት።

ባለፈው ቅዳሜም ሽፋኑ ውስጥ ይህ ወረቀት ተገኘ፦

"የጭነት መኪናውን እመርጣለሁ። አባትሽ ምክንያት ሲሉኝ እነግራቸዋለሁ፤ ምክንያቱ ፋርማሲ ነው የሚሠራው። አደራሽን ቁጭ ብለሽ ጠብቂኝ። ቆመሽ ካገኘሁሽ ወደ ወጥ ቤት ትሮጫለሽ።"

መነገሩ ደግሞ በመጪው ቅዳሜ መሆን ነበረበት። በማግስቱ እሑድ በአሥር ሰዓት የካፒቴኑ ልጅ ሻይ ሊጠጣ ይመጣል። ኢንጂነር ነው። የሚመጣው ሻይ ሊጠጣ ብቻ እንዳልሆነ ሻዩም ሳያውቅ አይቀርም። አባቷ ቃል አልሰጡም፤ "ይምጣ፣ እንየው" ነው ያሉት፤ እሳቸው "እንየው" ያሉት ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ተፈርዶ ያልቃል። ወረቀቱን አጣጥፋ የነጭ ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ስታስገባው፣ ደረቷ ላይ አንድ የሞቀ ነገር የተቀመጠ መሰላት።

* * *

ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሱቁ ሄደች። የተገዙ አሮጌ ሸክላዎችን ለብርሃን እያዞረ ሲመርጥ አገኘችው።

"ምን ታያለህ?"

"የባለቤቶቻቸውን ሐሜት። ነይ እዪ።" መሐሉ ላይ ያለውን ክብ ወረቀት አሳያት፤ በቀዳዳው ዙሪያ ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩበት። "ሸክላ ስታስቀምጪ ቀዳዳውን ከሳትሽው፣ ማሽኑ መሐል ላይ የቆመችው ብረት ወረቀቱን ትጭረዋለች። የረጋ እጅ አንድም ጭረት አይተውም። የሚንቀጠቀጥ እጅ ወይም ዓይኑ ሌላ ቦታ ያለ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው። መስመሮቹ ደግሞ ግራጫ ሆነዋል፤ መርፌ ብዙ ስለሄደባቸው ነው። ይኼን ሸክላ የሆነ ሰው ሲያለቅስ ሰምቶታል።"

"ወይም ሲሰክር።"

"ወይም ሲሰክር" አለና ሳቀ። "እንዲያው የአባትሽ ማሽን ሸክላውን የሚያዞረው ላስቲክ እንደገና ላልቷል። በዚህ ዓመት ሦስተኛው ነው።"

"ተው እንግዲህ። አንተ አይደለህ የምታላላው?"

"እኔ?"

"ቅዳሜ አልበቃ ብሎህ በአዘቦት ቀንም እንድትጠራ። ክፉ ላስቲክ እየገጠምክ። ዓመት ሆነኝ ካወቅሁብህ።"

"ደህና ላስቲክ ነው የምገጥመው" አለ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። "በሳምንት አንድ ቀን ለሚዞር ማሽን ዓመታት ይበቃል። በሌላው ቀን ማን ነው የሚያዞረው?"

"አባዬ ጠዋት ጠዋት ሞተሩን ያሟሙቀዋል። ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ይሰማኛል።"

"ምን ያጫውታሉ?"

"ምንም። ዘፈን የለውም፤ እምምም የሚል ድምፅ ብቻ።"

ሸክላውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። "ዘፈን የለውም?" አለ፣ ለራሱ ያህል።

ያልገባው ለመምሰል እየጣረ ነው ብላ አሰበች፤ ሲዋሽ እንዴት ያምርበታል ብላም ጨመረች። ወደ ፋርማሲዋ ስትመለስ መንገዱ ቁልቁለት መሰላት፤ ቁልቁለት አልነበረም።

* * *

ዓርብ ዕለት እሷ ሥራ ላይ ሳለች መጥቶ ላስቲኩን ቀየረ፣ ለቅዳሜው ሥነ ሥርዓት ሸክላዎቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ሄደ። ማታ ወደ ቤት ስትገባ ጫማዋን ሳታወልቅ የጭነት መኪናውን ሽፋን ከፈተች።

ባዶ ነበር።

ገለበጠችው። ነቀነቀችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያለ ወረቀት የሄደበት ቀን አልነበረም፤ አንዴ እንኳ የሚጽፈው ቢያጣ "ዛሬ የምጽፈው የለኝም" ብሎ ጽፏል። ሸክላውን ወደ ቦታው ስትመልሰው፣ የሞቀው ነገር ደረቷ ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

* * *

ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት ዳኛው ከረባት አስረው ወጡ። ካፒቴኑ ሰዓታቸውን አይተው "በሰዓታችን ነን" አሉ፤ አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ለማለት ዕድል አላገኙም ነበር ይባላል። አክስቷ ሶፋው ላይ ቀሚሳቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። እሷም ቁጭ ብላ ጠበቀችው፤ አደራው ይከበር ብላ።

መርፌው ከበርጩማው ተነሣ። ሸሚዙ አዲስ ነበር፤ የእጥፋቱ መስመር ገና አልጠፋም። አላያትም።

"መራጩ" አሉ ዳኛው፣ መዝገቡን ገልጠው፣ "በዕድሜው ሁሉ የሚወደውን ዘፈን ያሳውቅ።"

"የአጥሩን" አለ።

ካፒቴኑ ኩባያቸውን አፋቸው አጠገብ እንዳደረሱ ቀሩ። አክስቷ "ምን?" አሉ በለሆሳስ። የዳኛው ብዕር ወረቀቱ ላይ አንዲት ነጥብ ጥሎ ቆመ።

"የማን ዘፈን እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አውቃለሁ፣ ክቡር ዳኛ።"

"ምክንያት።"

"ምክንያቱን አልናገርም።"

"እንዴት ያለ ነገር ነው?" አሉ ካፒቴኑ ኩባያውን አስቀምጠው። "ምክንያት የሌለው ምርጫ ምርጫ አይደለም፤ ተጽፏል። አንተ ልጅ፣ ሌላ ምረጥ። ያ የጭነት መኪናው አለ አይደል? እሱ ሲከፈት እኮ በርጩማው ላይ መቀመጥ ያቅትሃል።"

"የአጥሩን ነው የመረጥሁት።"

እሷ ጆሮዎቿ ሲግሉ ተሰማት። ገባኝ ብላ አሰበች። ፈራ። የሷን ስም በአባቷ ፊት ከመጥራት፣ የሟች ሴትዮ ዘፈን ወስዶ ዳኛውን ማባበል ቀለለው። ለዚህ ነው ሽፋኑ ባዶ የሆነው። ኢንጂነሩ ቢያንስ የሚመጣው በራሱ እግር ነው።

"እናቴን አይቷት የማያውቅ ሰው" አለች፣ ድምፅዋ ከምትፈልገው በላይ ቀጥኖ፣ "ዘፈኗን ምን ያደርግለታል?"

አሁን አያት። "ልክ ነዎት" አላት።

"ነዎት" የምትለዋ ቃል ውስጥ ያን ያህል መንገድ እንዳለ እስከዚያች ደቂቃ አታውቅም ነበር።

ዳኛው መዝገቡን አልዘጉም፤ አልጻፉበትምም። ፊታቸው የተቆለፈ ቤት መስሏል። "ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ሸክላውን አምጪው። ለመዝገቡ ቁጥሩን ልየው።"

ተነሥታ ወደ መደርደሪያው ሄደች። የእናቷን ሸክላ ከሽፋኑ አወጣችውና ቁጥሩን ለማንበብ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘነበለችው።

መሐል ላይ ያለው ክብ ወረቀት በጭረት ተሸፍኗል። አሥር አይደለም፣ ሃያ አይደለም፤ ቀዳዳውን ሸረሪት ያደራችበት ይመስላል፣ ጭረት በጭረት ላይ፣ አንዳንዱ አርጅቶ ቢጫ የሆነ፣ አንዳንዱ የትናንት ጠዋት ያህል ነጭ። መስመሮቹ ግን ጥቁርና አንጸባራቂ ናቸው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መርፌ አልነካቸውም።

እምምም የሚለው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ተነሣ። ዘፈን የሌለው ጠዋት። በዓመት ሦስት የሚላላው ላስቲክ፣ ለእኔ ሲል ነው ብላ የኮራችበት። ማሽኑ ፊት ለፊት በፒጃማ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ አየች፤ እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚስቱን ሸክላ ያስቀምጣል፣ ሞተሩን ያስነሣል፣ መርፌዋን አያወርድም። ደንብ አልሻረም። ሲዞር ብቻ ያየዋል።

ትናንት ደግሞ አንድ ሌላ ሰው ጨርቁን ይዞ ይህንኑ ወረቀት አይቷል። ምክንያቱን ቢናገር ኖሮ ያን ሽማግሌ በፒጃማው አውጥቶ ካፒቴኑ ፊት ማቆም ነበር። ስለዚህ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ የራሱን ምክንያት ተናግሮ እሷን ማግኘት፣ ወይም ዘፈኑ ለሰውዬው እንዲከፈት ምክንያቱን ውጦ እሷን ማጣት።

ቀና አለች። መርፌው ጭንቅላቱን በጣም በትንሹ ግራና ቀኝ አነቃነቀላት። አትናገሪ።

ሸክላውን ለአባቷ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። አውራ ጣቷ ጭረቶቹ አጠገብ ነበር። ዳኛው ጣቷን አዩ፣ ዓይኗን አዩ፣ ከዚያ በርጩማው አጠገብ የቆመውን ሰው አዩ። በሕይወታቸው ብዙ ምስክር አዳምጠዋል፤ እያወቀ ዝም የሚል ምስክር ምን እንደሚመስል ማንም አይነግራቸውም።

"ይመዝገብ" አሉ።

"ያለ ምክንያት?" አሉ ካፒቴኑ።

"ያለ ምክንያት።"

"ኧረ ደንቡስ?"

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። "ደንቡ ነገም እዚሁ ነው" አሉ።

አክስቷ ወደ መስኮቱ ዞሩና አፍንጫቸውን ጠረጉ።

መርፌው ሸክላውን ተቀበለ። አንድም ሳይጭር አስቀመጠው፤ መርፌዋን አወረዳት። ትንሽ የዝናብ የመሰለ ድምፅ፣ ከዚያ ጊታር፣ ከዚያ ባሏ ጀርባ የቆመችው ሴትዮ። ዳኛው መጀመሪያ ቀጥ ብለው ተቀምጠው ነበር፤ ችሎት ላይ እንዳሉ። "ና አጠገቤ ቁጭ በል" የምትለዋ ጋ ስትደርስ ግን ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ተነሥቶ፣ ሶፋው ላይ ባዶ በነበረው ቦታ አረፈ። ዘፈኑ እስኪያልቅ አላነሡትም። ካፒቴኑ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸውን ፊት ላለማየት የሻይ ማንኪያውን ሲመረምሩ ቆዩ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ደንብ ያበዛሉ እንጂ።

ዘፈኑ ሲያልቅ መርፌው መርፌዋን አነሣና ካቻቢቴውን ታቅፎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ብቻ እንደቆመች ነበረች፤ ወደ ወጥ ቤትም አልሮጠችም።

"እኔም እመርጣለሁ" አለች።

"አንቺ?" አሉ አክስቷ። "አሥር ዓመት ስንለምንሽ 'ገና ልጅ ነኝ' ስትይ አልነበረም?"

"አድጌያለሁ። የጭነት መኪናውን ነው የምመርጠው።"

ዳኛው ብዕሩን ፈልገው አጡት፤ እጃቸው ላይ ነበር። "ምክንያት" አሉ።

"ምክንያቴ" አለች፣ "እዚያ ጥግ ካቻቢቴ ታቅፎ የተቀመጠው ሰውዬ ነው።"

ይህ ቤት ይህን አነጋገር አንድ ጊዜ ሰምቶታል። አባቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲከፍቷቸው ልጃቸውን የሚያዩት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስል ነበር፣ ወይም ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሌላ ሰው የሚያዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጻፉ። ቀስ ብለው፣ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር፣ ካቻቢቴውን ሳይተዉ።

"የነገው ሻይ ቀረ በሉኛ" አሉ ካፒቴኑ።

"ሻይማ አይቀርም" አሉ አክስቷ። "ልጅህም ይምጣ፣ ዘፈን ይስማ። ኢንጂነር አይደል? ላስቲኩን ያይልናል።"

"ላስቲኩን እኔ አየዋለሁ" አለ መርፌው። በዚያ ቤት ውስጥ ሳይጠየቅ ጨዋታ ሲገባ የመጀመሪያው ነበር። ካፒቴኑ ትንሽ አሰቡና ሳቃቸው አመለጣቸው።

ዳኛው አልሳቁም። መዝገቡን ዘግተው መርፌውን ረጅም ጊዜ አዩት፤ እጁን አይደለም፣ ቀሪውን ሰውዬ።

"ከዚያ በርጩማ ተነሥ" አሉ። "እዚህ ና።"

መጥቶ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ልጅቷ ሻይ አመጣችለት፤ ኩባያውን ሲቀበላት "አመሰግናለሁ" አለ፤ ቆም ብሎ ካሰበ በኋላም፣ በሁሉም ፊት፣ "ስኳሩን ልታቀብዪኝ ትችያለሽ?" አላት። ማንም ቅንድቡን አላነሣም። እሷ ግን ስኳሩን ፍለጋ ዓይኗ ሥር ያለውን ጠረጴዛ ሁለት ጊዜ ዞረችው።

"አሁን የምጠይቅህ እንደ ዳኛ አይደለም" አሉ አባቷ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። "ልትመርጥ የመጣኸው የጭነት መኪናውን ነበር። ዛሬ ያጣሃት መስሎህም ነበር፤ ፊትህ ላይ አይቻለሁ። ለምን የአጥሩን ወሰድክ?"

መርፌው ስኳሩን ጨመረ። አማሰለ። አንድ ጊዜ ፉት አለ።

"ለእርስዎም አልናገርም" አለ።